ቤተ ሰብን ይዞ ወደ በረሃ ከተማ ስለ መውረድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ ዘመን ለካህናት ከሚቀርቡት የምክር ጥያቄዎች አንዱ መኖሪያን ስለ መለወጥ የሚነሣው ጥያቄ ነው። ቀድሞ የመናገሻ አውራጃ ይባል በነበረው አገር፥ በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ የሚኖሩ ምእመናን ወደ ንስሐ አባቶቻቸው ቀርበው፥ «አባታችን፥ በሰመራ ሥራ አግኝተናል፤ ደመወዙ ከዚህ ይሻላል፥ የበረሃ አበልም አለው። ሚስትንና ልጆችን ይዞ መውረድ ይሻላልን? ወይስ እነርሱን እዚህ ትቶ ለብቻ መውረድ? ወይስ ያለውን አመስግኖ መቅረት?» ብለው ይጠይቃሉ። ነገሩ ሲሰሙት የኑሮ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ዳሩ ግን በውስጡ የነፍስ ጉዳይ አለበት፤ የሚወስነው አንድ ሰው ሲሆን የውሳኔውን ፍሬ የሚበሉት ብዙዎች ናቸውና። ስለዚህ ይህን ጥያቄ በቅዱሳት መጻሕፍት ብርሃን ልንመረምረው ወደድን።

አስቀድመን የጠያቂዎቹን ችግር በሚገባ እንወቅ፤ የጠያቂውን ችግር ሳያውቁ መምከር በሽተኛን ሳያዩ መድኃኒት እንደ ማዘዝ ነውና። አዲስ አበባ በሰፋች ቍጥር በዙሪያዋ ያሉት ከተሞች የቤት ኪራይ ጨምሯል። ሰበታ፥ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጎረቤት ከተሞች ጋራ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። የአባቱ እርሻ በከተማ የተዋጠበት ልጅ፥ ተምሮም ሥራ ያጣ ወጣት፥ ወሩን በብድር የሚጨርስ መምህር ዐይኑን ወደ ሩቅ ቢያነሣ አይፈረድበትም።

ሰመራ ደግሞ የአፋር ክልል መዲና ናት፤ ከአዲስ አበባ በአዋሽና በሚሌ አድርጎ ወደ ባሕሩ በሚወርደው ታላቅ መንገድ ላይ፥ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። መዲናነቱ ከአሳይታ ወደ እርሷ ከተዛወረ ወዲህ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፥ ባንኮችና ዩኒቨርስቲ ስላሉባት ከደጋው ብዙ መምህራንን፥ ሐኪሞችን፥ መሐንዲሶችንና ነጋዴዎችን ትጠራለች። ነገር ግን ሰበታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ሲኖራት፥ ሰመራ ከ500 ሜትር በታች ናት። በሰኔ ወር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። የወባ በሽታም በደጋ ያደገ ሕፃን የማያውቀው ጠላት ነው። መንግሥት ለሠራተኛው የበረሃ አበል የሚከፍለው ስለዚሁ የአየር ጠባይ ክብደት ነው።

እንግዲህ በመጀመሪያ የምናገኘው፥ «ከአገር አለመውጣት ይሻላል፤ የተጠመቅንበት ቤተ ክርስቲያን፥ ማኅበራችን፥ ሰንበቴያችን፥ የአባቶቻችን መቃብር እዚህ ነው» የሚሉትን ነው። ይህ የሚከበር ቃል ነው። ሰው ተክል ስላይደለ ሥር የለውም የሚል ቢኖር ይሳሳታል፤ የሰው ሥሩ በሞቱ የሚያለቅስለት፥ በሰርጉ የሚያጨበጭብለት ጎረቤቱ ነው። ቢሆንም ቦታ ብቻውን ሰውን አያጸድቅም። አብርሃም የእምነት አባት የተባለው ከአገሩ ከወጣ በኋላ ነው። ደግሞም መቅረት የደኅንነት ዋስትና አይደለም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በተነሣው ሁከት ብዙ ሺህ ሰዎች ከቤታቸው ወጥተዋል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ አፋር ምድር በገባ ጊዜ ብዙ ቤተ ሰብ ተሰድዷል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ ሕዝቡን ከቀዬው አንሥቶታል። ደጋውም ቈላውም በእግዚአብሔር እጅ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን «የትኛው ቦታ ይጠብቀናል?» ብሎ የሚጀምር ሰው መልስ አያገኝም።

በሌላው ወገን ደግሞ፥ «በረሃ የቅዱሳን አገር ነው፤ አባቶቻችን በበረሃ ጸድቀዋል» እያሉ መሄዳቸውን በገዳማውያን ስም የሚያስጌጡ አሉ። እርግጥ በግእዝ ገዳም ማለት ሰው ያላረሰው፥ ያልሰፈረበት ምድረ በዳ ማለት ነው፤ መነኮሳት በዚያ ስለ ተቀመጡ የመኖሪያቸው ስም ሆኖ ቀረ። ነገር ግን ቅድስናው ከሙቀቱ የመጣ አይደለም። በሰበታ ደጋ ያለው የጌቴሴማኒ ቤተ ደናግልም ገዳም ነው። አባ እንጦንስ ወደ በረሃ የወረደው ገንዘቡን ለድኆች በትኖ ነው፤ አበል ሊቀበል የሚወርድ ሰው ከእርሱ ጋራ ራሱን አያስተካክል። ይልቁንም ከእንጦንስ ሕይወት ሌላ ነገር እንማር። ቅዱስ አትናቴዎስ እንደ ጻፈልን፥ እንጦንስ ወላጆቹ ከሞቱ በኋላ የምታሳድገው ሌላ ዘመድ የሌላት ታናሽ እኅት ነበረችው። ለምናኔ ሲነሣ እርስዋን በመንገድ ላይ አልጣላትም፤ ለታመኑ ደናግል አደራ ሰጥቶ፥ አኗኗርዋን አዘጋጅቶ ነው የሄደው። ስለ እግዚአብሔር ብሎ የወጣ ሰው በእጁ ያለችውን ደካማ አስቀድሞ ካሰበ፥ ስለ ደመወዝ ብሎ የሚወጣማ ምን ያህል ሊያስብ ይገባዋል!

ሁለቱን ወገኖች ካየን ዘንድ ወደ ነገሩ ሥር እንግባ። መጽሐፍ ቅዱስ ቤታቸውን ይዘው ስለ ተጓዙ ሰዎች ብዙ ይነግረናል። ሎጥ ከአብርሃም በተለየ ጊዜ ዐይኑን አንሥቶ የዮርዳኖስን ሜዳ አየ፤ ውኃው የበዛ፥ መስኩ የለመለመ መሆኑን ተመልክቶ መረጠ (ዘፍ. 13፥10–12)። በዚያ ምርጫ ውስጥ የሚስቱ ስም አልተጠራም፤ የልጆቹ ነገር አልተነሣም፤ ጸሎትም አልተጻፈም። ዐይኑ አየ፥ እግሩ ተከተለ። ድንኳኑንም እስከ ሰዶም አቀረበ፤ ከዚያ በኋላ በቤቱ የደረሰውን ሁላችን እናውቃለን። ያዕቆብ ግን ልጁ ዮሴፍ በሕይወት መኖሩን ሰምቶ፥ ሠረገላ መጥቶለት፥ በአገሩም ራብ ጸንቶ ሳለ እንኳ ወደ ግብፅ በቀጥታ አልወረደም። በአገሩ ድንበር በቤርሳቤሕ ቆሞ መሥዋዕት አቀረበ፤ እግዚአብሔርም እንዳይፈራ ነገረው፤ ከዚያ በኋላ ከነቤተ ሰቡ ወረደ (ዘፍ. 46፥1–7)። ይስሐቅም በራብ ዘመን ወደ ግብፅ እንዳይወርድ ታዝዞ በጌራራ ተቀመጠ (ዘፍ. 26፥1–6)። እንግዲህ አንዱ ውረድ ተባለ፥ ሌላው አትውረድ ተባለ። ከዚህ የምንማረው መውረድም መቅረትም በራሱ ጽድቅ ወይም ኀጢአት አለመሆኑን ነው። ልዩነቱ በድንበር ላይ ቆሞ በመጠየቅና ባለመጠየቅ ነው።

ነገር ግን፥ «ለእኛ እንደ ያዕቆብ በሌሊት ራእይ የሚናገረን የለም፤ እንዴት እንጠይቅ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው። ጸሎት፥ ሱባኤ፥ የንስሐ አባት ምክር አለ። ከእነዚህም ጋራ እግዚአብሔር በየቤቱ ያስቀመጠው አንድ መልስ አለ፤ ይኸውም የቤቱ ደካማ ሰው ነው። ሐሳባችንን በግልጥ እንናገር። የበረሃ አበል የሚቈጠረው በሠራተኛው ስም ብቻ ነው፤ በረሃው ግን በሚስቱም፥ በሕፃኑም፥ በአሮጊት እናቱም ላይ ይወርዳል። አባት በሥራው ቦታ ማቀዝቀዣ ባለበት ክፍል ሊውል ይችላል፤ ሕፃኑ ግን በቆርቆሮ ቤት ይውላል። ስለዚህ ሸክሙን መመዘን የሚገባው ከፋዩን በሚቀበለው ሰው ትከሻ ሳይሆን፥ ምንም ሳይቀበል በሚሸከመው ሰው ትከሻ ነው። ነፍሰ ጡር ካለች፥ በልብ ወይም በደም ግፊት የሚታመም ሽማግሌ ካለ፥ ገና ጡት ያልጣለ ሕፃን ካለ፥ ቤቱ በእነርሱ ልክ ይመከር። እነርሱ የማይችሉትን ጕዞ ቤቱ ቻለ ማለት አይቻልም።

ከዚህ ቀጥሎ የትዳር ጓደኛ ፈቃድ ይመጣል። በአገራችን ባል ወስኖ መጥቶ፥ «በሚመጣው ወር እንወርዳለን፥ ዕቃውን አሰናጂ» ማለቱ የተለመደ ነው። ይህ ግን የአባቶች ሥርዓት አይደለም። ያዕቆብ ከላባ ቤት ሊወጣ ባሰበ ጊዜ፥ ምንም እንኳ ከእግዚአብሔር ትእዛዝ ቢቀበል፥ ራሔልንና ልያን መንጋው ወዳለበት ሜዳ አስጠርቶ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ አስረዳቸው፤ እነርሱም መክረው ፈቃዳቸውን ሰጡ (ዘፍ. 31፥4–16)። የእግዚአብሔር ቃል በእጁ ያለው ሰው ሚስቶቹን ካስጠራ፥ የቅጥር ደብዳቤ ብቻ በእጁ ያለው ሰው እንዴት ሳይጠይቅ ይነሣል? ደግሞም ፈቃድ ማለት ዝም ማለት አይደለም። የምትፈራ ሴት ዝም ትላለች፤ የደከመች ሴትም ዝም ትላለች። ፈቃድ የሚባለው እምቢ ማለት እየቻለች እሺ ስትል ነው። ሥራውን ያገኘችው ሚስት ብትሆንም ሕጉ ያው ነው፤ ባሏን ትጠይቅ፥ ትስማው።

ብዙዎች ግን ይህን ሁሉ ችግር ለማምለጥ መካከለኛ የመሰላቸውን መንገድ ይመርጣሉ፤ ባል ለብቻው ይወርዳል፥ ሚስትና ልጆች በሰበታ ወይም በሱሉልታ ይቀራሉ፥ ገንዘብ በየወሩ ይላካል። ይህ መንገድ ከሁሉ የቀለለ ይመስላል፤ በእኛ አስተያየት ግን ከሁሉ ይልቅ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ይህ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ባልና ሚስት በስምምነት፥ ለጊዜውም ካልሆነ በቀር እንዳይለያዩ፥ ፈተና እንዳያገኛቸው ደግመው እንዲገናኙ አስተምሯል (1ኛ ቆሮ. 7፥5)። ልብ እናድርግ፤ ያ መለያየት የተፈቀደው ለጸሎት ነው፥ ለእርሱም ስምምነትና የጊዜ ልክ ተደርጎለታል። ለጸሎት የተደረገ መለያየት ልክ ካስፈለገው፥ ለገንዘብ የተደረገ መለያየት እንዴት ያለ ልክ ይተዋል? መጀመሪያ «ለአንድ ዓመት» ይባላል፤ ቀጥሎ «የቤቱ ግንብ እስኪያልቅ» ይባላል፤ ከዚያ «ልጁ ትምህርቱን እስኪጨርስ» ይባላል። ልጁ አባቱን የሚያውቀው በባንክ በሚመጣው ገንዘብና በስልክ ድምፅ ብቻ ይሆናል። ባልም በሩቅ አገር ሌላ ጎጆ ለመቀለስ ይፈተናል።

የዚህን ነገር ክብደት በዐረብ አገሮች ከሆነው ልንረዳው እንችላለን። ብዙ እኅቶቻችን ልጆቻቸውን ለአያት ትተው ወደ ሪያድ፥ ወደ ጅዳ፥ ወደ ኩዌትና ወደ ዱባይ ሄደዋል። በሳውዲ ዐረቢያ ቤተ ክርስቲያን ስለሌለ፥ እዚያ የሚኖር ክርስቲያን ቅዳሴ ሳይሰማ፥ ሳይቈርብ ዓመታት ያሳልፋል። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከዚያ አገር ተመልሰዋል፤ ብዙዎቹም ያፈሩትን ጥለው ባዶ እጃቸውን የገቡ ነበሩ። እነዚህን ወገኖች ልንወቅስ አልጻፍንም፤ የሄዱት ወላጆቻቸውን ሊጦሩ፥ ልጆቻቸውን ሊያሳድጉ ነው። ልናስገነዝብ የፈለግነው፥ የቤትን አንድነት አስይዞ የተወሰደ ገንዘብ አንድ ቀን ሊወሰድ እንደሚችል፥ ያለ እናት ያለፈው የልጅነት ዘመን ግን እንደማይመለስ ነው።

እዚህ ላይ ጽኑ ተቃውሞ ይነሣል። «ለቤተ ሰቡ የማያስብ ሰው ሃይማኖትን እንደ ካደ ይቈጠራል ብሎ የጻፈው ራሱ ጳውሎስ አይደለምን? (1ኛ ጢሞ. 5፥8) በደጋው እየተራብን አንድ ላይ ከመቀመጥ አባት ተለይቶ ሄዶ ቢያበላን አይሻልምን?» ይላሉ። ይህ ተቃውሞ በቀላል የሚመለስ አይደለም። በዚያ መንገድ ላይ ጭነው የሚወርዱ ሾፌሮች፥ በዳር አገር የሚጠብቁ ወታደሮች፥ መንግሥት የመደባቸው ሠራተኞች ከቤታቸው የሚለዩት ወደው አይደለም። ችግር ያስገደደው መለያየት ኀጢአት አይባልም። ዳሩ ግን ችግርንና ምኞትን መለየት ያስፈልጋል። ልጆቹ የሚበሉት አጥተው የሚሄድ አባት አለ፤ የሚበሉት ሞልቶ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ለመሥራት የሚሄድም አለ። ሁለቱም «ለቤተ ሰቤ ብዬ ነው» ይላሉ። ቃሉ አንድ ነው፥ ነገሩ ግን ሁለት ነው። የንስሐ አባት ሥራ ይህን ቃል ሳይንቅ ውስጡን መክፈት ነው።

ችግር ያስገደደው ሰው ቢሆን እንኳ ጕዞው ልክ ይኑረው። ነቢዩ ኤልሳዕ ሱነማዪቱን ሴት ራብ ስለሚመጣ ከነቤተ ሰብዋ ተነሥታ በምታገኘው ስፍራ እንድትቀመጥ ነገራት፤ እርስዋም ሰባት ዓመት በፍልስጥኤማውያን አገር ተቀምጣ ዘመኑ ሲፈጸም ተመለሰች፥ ቤትዋንና መሬትዋንም በንጉሥ ፊት ጮኻ አስመለሰች (2ኛ ነገ. 8፥1–6)። የኑኃሚን ባልም በራብ ምክንያት ከቤተ ልሔም ወጥቶ በሞዓብ ምድር ለመቀመጥ ሄደ፤ የመመለሻው ዘመን ግን አልተነገረም። በዚያ አሥር ዓመት ያህል ተቀመጡ፤ አባትና ሁለት ልጆች በዚያ ተቀበሩ፥ ኑኃሚን ባዶዋን ተመለሰች (ሩት 1፥1–21)። ሁለቱም ቤቶች ከራብ ሸሽተዋል፤ ሁለቱም ከባዕድ ሕዝብ መካከል ተቀምጠዋል። እኛ ስለ ሞቱት የእግዚአብሔርን ፍርድ አንናገርም፤ ነገር ግን የመመለሻዋን ዘመን ይዛ የወጣችው ቤትዋን እንዳገኘች እናስተውላለን።

የመናገሻ ሰዎች ይህን ከወንዛቸው ሊማሩ ይችላሉ። አዋሽ ከጊንጪ ደጋ ተነሥቶ በሰበታ ደቡብ ያልፋል፤ ከቡራዩ በኩል የሚወርደውንም የገፈርሳን ውኃ በአቃቂ አድርጎ ይቀበላል፤ ከዚያ ወደ አፋር ምድር ወርዶ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። ባሕር አይደርስም፥ ወደ ደጋውም አይመለስም። ይሁን እንጂ በከንቱ አልጠፋም፤ በዱብቲና በአሳይታ ብዙ እርሻ ያጠጣል። እንደዚሁም ከደጋው ወርዶ በቈላ ያስተማረ መምህር፥ የታመመ ያዳነች ነርስ፥ ለዚያ አገር ሕዝብ በረከት ናቸው፤ መውረዳቸው ጥፋት አይባልም። ነገር ግን ውኃ የመመለሻውን ቀን አይመርጥም፤ ሰው ግን ይመርጣል። ሰው ሆኖ እንደ ውኃ መውረድ አይገባም።

ከነቤተ ሰባቸው ለመውረድ በፈቃድ ለተስማሙና ደካማ ሰዋቸውን ለመዘኑ ደግሞ የምንለው አለን። አብርሃም ድንኳኑን በተከለበት ሁሉ መሠዊያ ሠርቷል። እናንተም ቤት ከመከራየታችሁ አስቀድማችሁ ቤተ ክርስቲያኑ የት እንዳለ፥ ካህኑ ማን እንደ ሆኑ፥ ልጆቻችሁ ፊደልና ጸሎት የሚማሩበት እንዳለ ጠይቁ። የአገሩ ሕዝብ አብዛኛው እስላም ነው፤ እንግዳን ማክበር የሚያውቅ፥ በዚያ ፀሐይ ከብቱን እየጠበቀ የኖረ ሕዝብ ነው። አብርሃም ለሣራ መቃብር በፈለገ ጊዜ በኬጢ ልጆች ፊት ተነሥቶ እጅ እንደ ነሣ፥ ዋጋውንም እንደ ከፈለ (ዘፍ. 23)፥ እናንተም በእንግድነታችሁ ባለአገሩን አክብሩ፤ ልጆቻችሁንም ቋንቋውን እንዲማሩ እንጂ እንዲንቁ አታስተምሩ። ስለ ጾምም በራሳችሁ አትወስኑ። ሙቀቱ ሲከብድ ጾምን ፈጽሞ መተው፥ ወይም ነፍሰ ጡርንና በሽተኛን ማስጨነቅ፥ ሁለቱም ስሕተት ነው። ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛና ለደካማ የምታዝን እናት ናት፤ በዚያ ያሉትን ካህን ጠይቁ።

በመጨረሻ ቃላችን ወደ ካህናት ነው። ምእመን ይህን ጥያቄ ይዞ ሲመጣ «ሂድ» ወይም «አትሂድ» ብሎ መቍረጥ ይቀላል፤ ነገር ግን እኛ የማንሸከመውን ሸክም በሌላው ትከሻ ላይ መወሰን ይሆንብናል። ይልቅስ ሦስት ነገር እንጠይቀው። በቤትህ ከሁሉ የሚደክመው ማን ነው፥ እርሱስ ይችለዋልን? ሚስትህ እምቢ ማለት እየቻለች እሺ ብላለችን? የምትመለስበት ወይም የምትሰበሰቡበት ዓመት ተቈርጧልን? እነዚህን ሦስቱን ከመለሰ በሰላም ይሂድ፤ ባርከን እንሸኘው። ካልመለሰ ግን የአበሉ ብዛት አንዱንም አይመልስለትም።

ለብቻው የሄደም እንደ ሆነ ሥራችን በሽኝት አያበቃም። የንስሐ አባት የሚባለው የአባወራው ብቻ አይደለም፤ የቤቱ ሁሉ ነው። አባት በሌለበት ቤት በበዓል ቀን ጸበል ይዘን እንግባ፤ ልጁ ለምን ሰንበት ትምህርት ቤት እንደ ቀረ እንጠይቅ፤ ማኅበሩ ሚስቲቱን እንደ መበለት ሳይሆን ባሏ መንገድ ላይ እንዳለ እኅት ይያዛት። የተቈረጠው ዓመት ሲደርስም በስልክ ጠርተን፥ «ልጄ፥ ዘመኑ ደረሰ» እንበለው። ይህን ካላደረግን ቤቱን የበተነው በረሃው ብቻ ነው ማለት አንችልም።

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በሕፃንነቱ በእናቱ በእመቤታችን ጀርባ ወደ ግብፅ በረሃ ተሰድዷል። ቅዱስ ዮሴፍ የወረደው ሕፃኑን ለማዳን ነው፤ ሕፃኑንና እናቱን ትቶ ለብቻው አልወረደም፤ ሄሮድስ በሞተ ጊዜም ይዟቸው ተመለሰ (ማቴ. 2፥13–21)። ቤቱን ለማንሣት የሚያስብ ሰው ሁሉ በዚህ ጕዞ የራሱን ጕዞ ይለካ። የተሰደዱትን የሚጠብቅ፥ የቀሩትን የሚያጽናና፥ የተበተኑትን የሚሰበስብ አምላክ የሁላችንን ቤት ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።